ዕዳን መጻፍ አለመተማመን አይደለም



ወሩ ሲጋመስ በየዶርሙ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «200 ብር ይኖርሃል? ሰሞኑን እመልስልሃለሁ።» ጠያቂው ወንድማችን ነው፣ ተጠያቂውም ወንድማችን ነው። ገንዘቡ በስልክ ይላካል፣ «ጀዛከላህ ኸይር» ይባላል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በእህቶች ዶርምም እንዲሁ ነው። ከቤተሰብ የሚላከው ሳይደርስ፣ የኖን ካፌው ብር ሳይገባ፣ የሃንድአውት ኮፒና የፕሮጀክት ወጪ ሲመጣ መበዳደራችን አይቀርም። ይህ ነውር አይደለም፤ ተደጋግፈን ከምንማርባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ስለ መበደሩ ሳይሆን፣ ከተበደርን በኋላ ስለሚዘለለው ነገር፣ ማለትም ስለ መጻፍ ነው።

አስተያየታችንን ከወዲሁ እንናገር። በመካከላችን በብድር የሚተላለፍ ገንዘብ፣ 50 ብርም ይሁን 5,000፣ ሊጻፍ ይገባል ብለን እናምናለን። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ደግሞ አበዳሪው ሳይሆን ተበዳሪው ነው። ይህን ልማድ ካምፓስ ውስጥ ያልጀመረ ሰው፣ ነገ ደመወዝ ሲይዝ፣ ሱቅ ሲከፍት ወይም ሳይት ላይ የሰው ገንዘብ ሲረከብ በድንገት ይጀምረዋል ማለት ከባድ ነው።

ያልተጻፈ ዕዳ የሚያደርገው

ያልተጻፈ ዕዳ ወዲያው አይጎዳም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ያስታውሱታል። በሁለተኛው ሳምንት አበዳሪው ያስታውሳል፣ ተበዳሪው ደግሞ «ትንሽ ይታገሠኛል» ይላል። በወሩ ተበዳሪው 200 ብር መሆኑን ይረሳና 150 ይመስለዋል፤ ወይም ምሳ የጋበዘበትን ቀን ከዕዳው ይቀንሳል። አበዳሪው ግን ምሳውን ግብዣ ነው ብሎ በልቶታል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ሌባ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ገንዘብ ሁለት የተለያየ ሂሳብ ይዘዋል።

ከዚያ ይሉኝታ ይገባል። አበዳሪው «ለ200 ብር ብዬ እንዴት እጠይቀዋለሁ?» ብሎ ዝም ይላል፣ ልቡ ግን ዝም አይልም። ተበዳሪው ደግሞ አበዳሪውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። መስጂድ ውስጥ በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዱ የነበሩ ሁለት ወንድሞች፣ አንዱ በፊተኛው በር ሌላው በኋለኛው በር መውጣት ይጀምራሉ። ብዙ ወዳጅነት የሚበላሸው በትልቅ ጠብ ሳይሆን እንዲህ ባለ ትንሽና ስም የሌለው ነገር ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዕውቀት ብቻ አይመስለንም። ለዕዳም ይሠራል።

ነገሩ እዚህ ዱንያ ላይ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። በመድረሳ የተማርን ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦላቸው እርሳቸው ከመስገድ የተቆጠቡበትና አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ብለው ከወሰዱት በኋላ የሰገዱበት ታሪክ በሐዲስ ተላልፎልናል። ለሸሂድ እንኳ ዕዳ ሲቀር ሌላው ወንጀሉ እንደሚማርለት ተነግሮናል። የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ባለቤቱ ካልተመለሰለት ወይም ዐውፍ ካላለ ይጠብቀናል። አንድ ተማሪ በዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስበትና ቢሞት፣ ቤተሰቦቹ ማን ምን እንደሚፈልግበት በምን ያውቃሉ? ለማን ይመልሱለታል?

ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን ነው?

ቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አያ የትኛዋ ናት ብንባል አብዛኞቻችን እንመልሳለን፤ ሱረቱል በቀራ 282ኛዋ አያ ናት፣ አያቱ ደይን ትባላለች። ጥያቄው ይዘቷ ስለ ምን ነው የሚለው ነው። ስለ ሶላት አይደለም፣ ስለ ጾምም አይደለም፣ ስለ ዕዳና ስለ መጻፉ ነው።

እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ይህችን አያ ስናነብ የአንድ ጥሩ አሠራር ዝርዝር ትመስለናለች። የዕዳው ጊዜ የተወሰነ ይሁን ትላለች። ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ ትላለች። የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው ነው፤ ጌታውን ፈርቶ ምንም ሳያጎድል ይናገር። ማስጻፍ ለማይችል ሰው ደግሞ በርሱ ፋንታ የሚያስጽፍለት አለ። ምስክሮች ይኑሩ። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ አትሰልቹ። እጅ በእጅ የሆነ ንግድን ሳትጽፉ ብትቀሩ ግን ችግር የለውም። ጸሐፊውና ምስክሩም ጉዳት አይድረስባቸው።

ዑለማዎች መጻፉ ግዴታ ነው ወይስ ሱና በሚለው ላይ ተነጋግረውበታል፤ አብዛኞቹ የተወደደ ነው ብለዋል። ግዴታ ባይሆን እንኳ፣ ጌታችን ይህን ያህል በዝርዝር ያስቀመጠልንን ነገር «ለ200 ብር?» ብለን ልንንቀው አይገባም። ትንሽም ይሁን ትልቅ የተባለው ለዚሁ ይመስለናል።

ከዚህ አያ ለካምፓስ ሕይወታችን ትልቁን መፍትሔ የምትሰጠው ነጥብ የሚያስጽፈው ተበዳሪው መሆኑ ነው። ይሉኝታውን ከሥሩ የሚነቅለው ይህ ነው። አበዳሪው «ጻፍልኝ» ሲል እንደተጠራጠረ ይቆጠራል ብለን እንፈራለን። ተበዳሪው ራሱ ሲጽፍ ግን የሚጠረጠር ሰው የለም። ገንዘቡን የሰጠው ወንድም አፉን ሳይከፍት ሐቁ ተጠበቀለት፣ የተቀበለውም ክብሩን ይዞ ቀረ።

እንዴት እንጻፍ?

ደብተርና ማኅተም አያስፈልግም። ገንዘቡ በደረሰን በዚያች ደቂቃ፣ ስልኩን ከእጃችን ሳናስቀምጥ፣ ለአበዳሪው አንድ መልእክት በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ እንላክ። ለምሳሌ እንዲህ፤ «ዛሬ ኅዳር 12 ከአንተ 300 ብር ተበድሬያለሁ። ታኅሣሥ 5 እመልሳለሁ ኢንሻአላህ።» በቃ። ይህች መልእክት ውስጥ ማን፣ ከማን፣ ስንት፣ መቼ እና እስከ መቼ የሚሉት አምስቱም አሉ።

ስለ ቀኑ ጥቂት እንጨምር። «ሰሞኑን»፣ «ሲገባልኝ»፣ «ቤተሰብ ሲልክ» የሚሉት ቀኖች አይደሉም። ቀኑን በቁጥር እንጻፍ። «5» ስንል የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ እንዳይምታታ የወሩን ስም አብረን እንጥቀስ። «ኢንሻአላህ» የምንለውም ነገሩ በአላህ ፈቃድ እንደሚሆን ለማመን ነው እንጂ ቀኑን ለማላላት አይደለም። ቀኑ እንደማይሞላልን ካወቅን ደግሞ ከቀኑ በፊት እንናገር። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ምክንያት ሰበብ ይመስላል፣ አስቀድሞ የሚነገር ግን አክብሮት ነው።

ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ላፕቶፕ ለመግዛት ወይም የታመመ ቤተሰብን ለማሳከም ከሆነ፣ በወረቀት ጽፎ ሁለት ምስክር ማስፈረሙ ይሻላል። ለትናንሾቹ ግን መልእክቷ ትበቃለች። መልእክቷ በሁለት ስልክ ላይ ስላለች የአንዱ ስልክ ቢጠፋም ሂሳቡ አይጠፋም።

ሁለተኛው ልማድ ያለብንን ሁሉ አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። በቴሌግራም ራሳችን ለራሳችን የምንልክበት ሴቭድ ሜሴጅ የሚባለው ቦታ ለዚህ ይመቻል። «ያለብኝ» እና «ያለኝ» ብለን ሁለት ዝርዝር እንያዝ፣ ስንከፍል «ተከፍሏል» ብለን ቀኑን እንጨምር። ስልካችን በይለፍ ቃል የተቆለፈ ስለሆነ ግን ዝርዝሩ መኖሩን አንድ የምናምነው ሰው ይወቅ። ቢቻል በየወሩ በወረቀት ገልብጠን ሎከራችን ውስጥ እናስቀምጥ። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እኛ የምንናዘዘው ቤትና መሬት የለንም፤ ዕዳ ግን አለን።

ሦስተኛው፣ ብር በገባ ቀን ዕዳ ይቅደም። ገንዘቡ ሲገባ ጫማ አይተን፣ ፓኬጅ ሞልተን፣ ጓደኛ ጋብዘን የተረፈውን ለዕዳ ካልን የሚተርፍ የለም። እያለው የሚያጓትት ሰው በደለኛ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የተበደሩትን ግመል ከተበደሩት በተሻለ ግመል መልሰዋል፣ ከሰዎች ምርጡ አመላለሱ ያማረው መሆኑንም አስተምረዋል። ልብ እንበል፣ ያ ጭማሪ አስቀድሞ የተነገረ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። ቅድመ ሁኔታ ሲሆን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

«ወንድማማቾች አይደለንም እንዴ?»

ይህን ሐሳብ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ቅንነቱን እንወደዋለን፣ ግን አንስማማም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ ዓለም ሲለዩ የብረት ጥሩራቸው በ30 ሷዕ ገብስ ዕዳ መያዣ ሆኖ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ነበር። በታማኝነታቸው አል-አሚን የተባሉት ነብይ «እኔን ካላመንክ ማንን ልታምን?» አላሉም፣ መያዣ ሰጥተው ተበደሩ። እርሳቸው ያልተጸየፉትን አሠራር እኛ የምንጸየፍበት ምክንያት የለም።

በሙያችንም ብንሄድ ይኸው ነው። ሳይት ላይ ኮንሰልታንቱ በቃል ያዘዘው ሥራ በሳይት ቡክ ካልሠፈረ ነገ ክፍያ ሲመጣ ሰው ከሰው ይጣላል። ላብራቶሪ ውስጥ የተለካ ቁጥር ወዲያው ካልተጻፈ እንዳልተለካ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ሰዎች ሌቦች ስለሆኑ የተደነገገ አይደለም፤ ሰው ስለሚረሳ ነው። ከጊቢው በር ላይ ያለው ባለሱቅ የዱቤ ደብተር የሚይዘው ደንበኞቹን ስለሚጠላ አይደለም። እንዲያውም ደብተሩ ውስጥ የሚጽፈው የሚያምነውን ብቻ ነው፤ የማያምነውንማ መጀመሪያውኑ አያበድርም።

ዶርም ውስጥ ያሉ ትናንሽ ሐቆች

ዕዳ ብር ብቻ አይደለም። ካልኩሌተር፣ ቻርጀር፣ ፍላሽ፣ የሌላ ሰው ጃኬት፣ ከላይብረሪ በጓደኛ መታወቂያ የወጣ መጽሐፍ፣ ሁሉም አማና ነው። ዕቃ ማዋስን መከልከል በሱረቱል ማዑን የተነቀፈ ጠባይ ነው። ስለዚህ እናውስ። የዋሰ ሰው ደግሞ ፈተና ነገ መሆኑን እያወቀ የሰው ካልኩሌተር ይዞ አይደር። ሲወሰድ ፎቶ አንሥቶ «ይህን ወስጃለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ» ብሎ መላክ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ለዶርም የጋራ ወጪም ቀላል መፍትሔ አለ። እንበል ስድስት ሆነን በወር 150 ብር ብናዋጣ 900 ብር ይሆናል። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ኦሞና የመጥረጊያ ወጪ ከዚህ ይወጣል። ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሂሳቡን ሌላ ሰው ይጻፍ፣ ወረቀቱም በሩ ጀርባ ይለጠፍ። በየወሩ ሁለቱ ይቀያየሩ። እንዲህ ሲሆን «ሁልጊዜ ስኳር የምገዛው እኔ ብቻ ነኝ» የሚለው ማጉረምረም ይቀራል። ያልቻለም ልጅ ካለ ከመጀመሪያው ለአንዱ በጆሮው ይንገርና ሌሎቹ ይሸፍኑለት፤ ስሙ በወረቀቱ ላይ «አልከፈለም» ተብሎ ሊለጠፍ ግን አይገባም። ያ መጻፍ ሳይሆን ማዋረድ ነው።

የስልኩ ብድር

ቴሌብር በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብድር ከጓደኛ አፍ ወደ ስልክ ተሻግሯል። ዛሬ በጥቂት ንክኪ፣ ማንንም ሳንለምን፣ ፊታችን ሳይቀላ ገንዘብ መበደር ይቻላል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ከሰው ስንበደር የሚይዘን ሐፍረት ነበር፤ ስልኩ ያን ሐፍረት አነሣልን።

እንዲህ ያለ ብድር ከመውሰዳችን በፊት ሦስት ቁጥሮችን እንጠይቅ፤ በእጃችን የሚገባው ስንት ነው? የምንመልሰው ስንት ነው? በስንት ቀን? የተሰጠው ስም «የአገልግሎት ክፍያ» ይሁን ሌላ፣ ቁጥሮቹን እንመልከት። እንበል 500 ብር ወስደን በ30 ቀን 540 ብር የምንመልስ ከሆነ ጭማሪው በወር 8 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። በየወሩ እየወሰድን ብንቀጥል ግን በዓመት 480 ብር እንከፍላለን፤ 500 ብር ለመያዝ 500 ብር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ክፍያ ማለት ነው። ይህ የእኛ የሂሳብ ምሳሌ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር እያንዳንዱ ሰው «እስማማለሁ» የሚለውን ከመንካቱ በፊት ያንብብ።

ከሂሳቡ በላይ ደግሞ የሪባ ጉዳይ አለ። አስቀድሞ በቅድመ ሁኔታ የተቀመጠ ጭማሪ ያለበት የገንዘብ ብድር ለእኛ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የካርድ ብድርንና የመሳሰሉትን በተመለከተ ዝርዝር ብይኑ የዑለማዎች ነው፤ ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ እንጂ ከዶርም ፈትዋ አንስጥ። እኛ የምንለው፣ ሳይጠይቁ መግባት ተገቢ አይደለም ነው። አማራጭ የለም የሚባልበት ዘመንም አልፏል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው የአገራችን ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፣ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል፤ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ኑር የሚል ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለው። ካምፓስ ስንገባ ሳናስተውል የከፈትነው ሂሳብ የወለድ ከሆነ ወደ ወዲዓ ሂሳብ ስለመዛወር ቅርንጫፉን እንጠይቅ።

ሁሉ ነገር ከመሆኑ በፊት ግን የስልክ ብድርን የሚያስቀረው እርስ በርሳችን ያለው ቀርዱል ሐሰን ነው። ወንድሙ ያለ ጭማሪ የሚያበድረው ሰው ወደ ስልኩ አይሄድም። ወንድሙ የሚያበድረው ደግሞ እንደሚመለስለት ሲያውቅ ነው። ዕዳ ስንጽፍና በቀኑ ስንመልስ ለሚቀጥለው የተቸገረ ወንድም በር እየከፈትን ነው። በልተን ስንክድ ደግሞ የምንዘጋው ለእኛ ብቻ አይደለም።

በስልክ ስለሚላክ ገንዘብ ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ የስክሪን ሾት ደረሰኝ ማረጋገጫ አይደለም፤ በቀላሉ ሊቀናበር ይችላል። ዕቃ ሸጠን ከሆነ የራሳችንን ቀሪ ሂሳብ አይተን እንልቀቅ። ሁለተኛ፣ ፒን ቁጥር ለጓደኛ አይሰጥም። ይህ ጓደኛን መጠርጠር አይደለም፤ ገንዘብ ቢጎድል ጓደኛችን ከሐሜት እንዲድን ነው።

ያልተጠየቅንበት ገንዘብ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የተፈጠረውን ብልሽት ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። የብዙ ካምፓስ ተማሪዎች ስም ተነሣ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የወሰዱት እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ። ጊዜው የረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ነበር።

ያን ሌሊት «የባንክ ነው፣ የማንም አይደለም» የሚል ንግግር ተሰምቷል። ይህ ንግግር ከዚያ ሌሊት ጋር ያለቀ ስላልሆነ ነው የምናነሣው። ባለሱቁ በስህተት ትርፍ መልስ ሲሰጥ፣ ሰው ቁጥር ተሳስቶ ብር ሲልክልን፣ የካፌው ካርድ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ተመልሶ ይመጣል። የመካ ሙሽሪኮች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሊገድሉ በተስማሙበት ጊዜ እንኳ፣ እርሳቸው ሲሰደዱ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደኋላ ያስቀሩት እርሳቸው ዘንድ የነበረውን የሰዎቹን አማና እንዲመልሱ ነበር። ሊገድል የመጣ ሰው ንብረት እንዲህ ከተጠበቀ፣ ሲስተም ተበላሸ ተብሎ የሚበላ ገንዘብ የለም።

ፈርመን የምንረሳውም ዕዳ አለ። ከ1996 ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሰዎች የወጪ መጋራት ውል እንፈርማለን፤ የምግብና የመኝታው ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉ ተመርቀን የምንከፍለው ዕዳ ነው። ብዙ ጊዜ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሳናነብ እንፈርማለን። ከእንግዲህ በየዓመቱ የፈረምነውን ቅጽ በስልክ ፎቶ አንሥተን እናስቀምጥ፣ ጠቅላላውን ደምረን «ያለብኝ» ከሚለው ዝርዝር ላይ እናሥፍረው። የመንግሥት ዕዳ ነው ተብሎ ከአማና አይወጣም፤ መንግሥት የከፈለው ከሕዝብ ኪስ ነው።

የጀመዓችን ሂሳብ

ይህን ሁሉ ለግለሰብ ተናግረን ለራሳችን ጀመዓ ዝም ብንል ተገቢ አይሆንም። ለኢፍጣር፣ ለታመመ ተማሪ፣ ለተመራቂዎች ዝግጅት ገንዘብ ይሰበሰባል። ሰብሳቢዎቹ ከጥናት ሰዓታቸው ቀንሰው፣ በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ሂሳብ ይቀበላሉ። አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን የጀመዓ ገንዘብ በግል ሂሳብ ውስጥ ሲቀላቀል ለአደጋ የሚጋለጠው መጀመሪያ ሰብሳቢው ራሱ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ለገንዘቡ ሁለት ሰው የሚያዝበት የተለየ ሂሳብ ይኑር። ከእያንዳንዱ መዋጮ በኋላ የገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ተጽፎ ይውጣ፣ የተረዱ ሰዎች ስም ግን አይጻፍ። የተረፈው ብርም የት እንዳለ ይነገር። ይህ ጥርጣሬ አይደለም። በአያቱ ደይን ጸሐፊውና ምስክሩ እንዳይጎዱ የተጠበቁትን ያህል የእኛም ገንዘብ ያዥ ከሐሜት ሊጠበቅ ይገባዋል።

ለማይችል ሰው

መጻፍ ማለት ማስጨነቅ አይደለም። አያቱ ደይን ከመምጣቷ ሁለት አያ ቀደም ብሎ፣ በ280ኛው፣ ዕዳ የከበደበት ሰው እስኪያገኝ ይጠበቅ፣ ብትለግሱለት ደግሞ ይበልጥ ይሻላችኋል የሚል ትእዛዝ አለ። ቤተሰቡ የተፈናቀለበት፣ አባቱ የሞተበት፣ ገንዘብ የሚልክለት ሰው የሌለው ተማሪ በመካከላችን አለ። እርሱ ቀኑ ሲያልፍበት አበዳሪው «ጊዜ ውሰድ» ብሎ አዲስ ቀን ይጻፍለት፤ አልያም ዐውፍ ካለ «ሐላል ብዬሃለሁ» ብሎ በጽሑፍ ይላክለት። ይቅርታም ይጻፍ። ዐውፍ የተባለ ሰው ዐውፍ መባሉን ካላወቀ ሲሸማቀቅ ይኖራልና።

ዘንድሮ የሚመረቁ እህትና ወንድሞች በቅርቡ የክሊራንስ ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይሮጣሉ። ላይብረሪው አንድ መጽሐፍ ቢቀርባቸው አይፈርምም፣ ዶርም ኃላፊው ፍራሽ ቢጎድል አይፈርምም። በመካከላችን ላለው ሐቅ ግን ማኅተም የሚመታ ቢሮ የለም፣ ወረቀቱን የምንይዘው ራሳችን ነን። ዛሬ ከኢሻእ በኋላ አሥር ደቂቃ ወስደን ያለብንን እንጻፍ። ለእያንዳንዱ ባለሐቅ አንዳንድ መልእክት እንላክ፤ መክፈል የምንችለውን እንክፈል፣ ለማንችለው ቀን እንቁረጥለት። ያበደርነውን ደግሞ መቀበል የማንፈልግ ከሆነ ዛሬውኑ ሐላል እንበል።

አላህ ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን፣ ያለብንንም ከመሞታችን በፊት የምንመልስ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።